ልብም ያያሉ ብለሽ ነበር

ጥቅምት 9

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባልሽን አስተማሪውንስ ጉንፋኑ ለቀቀው? እኛ ደህና ነን።

«ምን ነክቶሽ ነው ሁለት ወር ሙሉ ድምፅሽ የጠፋው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ነገሩ ጸንቶ እስኪታይ ልጠብቅ ብዬ ነው። አርግዣለሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ። መካኒኩን ለማንም እንዳትናገር ብዬው ነበር። በማግስቱ ፋብሪካ ስገባ የእቶን ክፍል ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ባሌ ሞተር እንጂ ምስጢር መያዝ እንደማይችል ድሮም ነግሬሽ ነበር።

አሁን ግን ምክርሽን ፈልጌ ነው የጻፍኩት። በወር አንዴ ወደ ክሊኒካችን የሚመጣው ሐኪም ሰኞ ዕለት በማሽን አየኝ። አሥራ አንድ ሳምንት ሞልቶኛል። ማሽኑን ሆዴ ላይ ደጋግሞ አንሸራተተው። ከዚያ፣ ከፅንሱ አንገት በስተኋላ ያለው ውኃ ከሚጠበቀው ወፈር ብሏል አለኝ። ምንም ላይሆን ይችላል፣ የሆነ ነገርም ሊሆን ይችላል። ዕድሜዬንም አነሣ። ወደ እናንተ ሆስፒታል ሂጂ ነው የሚለው። በመርፌ ከእንግዴ ልጁ ትንሽ ወስደው ይመረምራሉ፤ አሥራ አራት ሳምንት ሳይሞላሽ ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያም እዚያው እየተመላለስሽ ትታያለሽ፣ ከፍ ሲል ልብም ያያሉ አለኝ። መርፌው አደጋ አለው ወይ ስለው፣ ጥቂት፣ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ፅንስ ሊወርድ ይችላል አለ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከመብራቱ ፊት ተቀምጬ ጠርሙስ ሲያልፍ አያለሁ። አረፋ የያዘውን፣ የተሰነጠቀውን፣ አንገቱ የተጣመመውን አንስቼ ወደ ጎን እጥላለሁ፤ ተሰባብሮ ተመልሶ እቶን ይገባል። አሥራ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሳደርግ እጄ ከሐሳቤ መቅደም ለምዷል። ሐኪሙ «አንገቱ» ሲል እጄ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ፈራሁ እታለም። መልሱ ክፉ ቢሆን ምን አደርጋለሁ? ሳላውቅ ብቀርስ እንዴት ነው ስድስት ወር የምጠብቀው?

መካኒኩ «እንወቀውና ተዘጋጅተን እንቀበለው» ይላል። እኔ ግን የማደርገው አንቺ ያልሽውን ነው። የሆስፒታል ሰው ነሽ፤ ከእኛ ሁሉ ትሻያለሽ። እንዳልደውልልሽ ያለን የፈረቃ ቢሮው ስልክ ነው፤ አለቃው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ከእኔ ጋር ይተክዛል። የፋብሪካው መኪና ረቡዕ ረቡዕ ከእናንተ ከተማ ይነሣል፤ መልሱን በእሱ ላኪልኝ። ቶሎ በይ።

ሚጣሽ

ጥቅምት 16

ለሚጣዬ፣

እንኳን ደስ አለሽ! እኔንም እንኳን ደስ አለኝ! ደብዳቤሽን ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሃያ ሰው ተሰልፏል፣ አግዳሚው ወንበርም ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ካርዴ ጠፋ እንዴ?» ቢሉኝ፣ «የእኔም ጠፍቷል አባቴ» ብያቸው አረፍኩ። ግራ ገብቷቸው ሄደው ተቀመጡ፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄ ካርዳቸውን አወጣሁላቸው።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ አጭር ነው። አታድርጊው።

ስንቱ ሰው ስንት ነገር ተብሎ ወደዚህ እንደሚመጣ በየቀኑ አያለሁ። ማሽን ያስፈራራው ሁሉ እውነት ቢሆን ይህ ከተማ ባዶውን በቀረ ነበር። ዕድሜ ደግሞ ሐኪም ሁሉ ያነሣል፤ እነሱ ራሳቸው የማያረጁ ይመስል። ያ መርፌ ቀልድ አይደለም ሚጣዬ። ረጅም ነው። አትንቀሳቀሺ፣ ትንፋሽሽን ያዢ ይሉሻል። ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እየቆጠርሽ ትተኛለሽ። ሲያበቃ ሁለት ቀን ከባድ ነገር አታንሺ ብለው ይሸኙሻል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን ቁርጠት እያዳመጡ መቀመጥ ነው። ለምኑ ብለሽ? የመጣውን ልጅ መቀበልሽ መቼ ይቀራል? ታዲያ አስቀድመሽ ብታውቂ ምን ይጨምርልሻል?

የአሥራ ሦስት ሰዓት መንገድ እየተንገጫገጭሽ ወዲህ እንዳትመጪ። እዚያው ክሊኒካችሁ ይበቃሻል። መካኒኩንም «እታለም እንዲህ አለች» በይውና ነገሩ በዚሁ ይዘጋ፤ ለሞተሮቹ ይዘጋጅ።

ቢጫ ሹራብ ጀምሬያለሁ፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። አባባ ቢኖር ይህን ደብዳቤ ራሱ በፖስተኛ ብስክሌቱ ነበር የሚያመጣልሽ። ደስ የሚል ወሬ ሲይዝ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ደወሉን እያቃጨለ አልነበር የሚመጣው? ክፉውን ግን ስንቱ ሰው ፖስታ ከፍቶ በሩ ላይ ብቻውን ሲወድቅ አይቶ፣ «ክፉ ወሬ በአፍ ይነገራል እንጂ በፖስታ እንዳትልኩ» ብሎ አስምሎናል። ከእኔ ደስ የሚል ብቻ ጠብቂ።

እታለም

ኅዳር 3

ለእታለም፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ነው የቀለለኝ። ለሐኪሙ አልሄድም አልኩት። አልተቆጣም፣ አልለመነኝም። ካርዴ ላይ «ምርመራውን አልፈለገችም» ብሎ ጻፈና ቀና ብሎ አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «እህቴ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» አልኩት።

መካኒኩ ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ቀን ጀርባዬን ደግፎ ደረጃ አወጣኝ። አሁን ደህና ነን። ልጁ መራገጥ እስኪጀምር እየጠበቅኩ ነው፤ በፈረቃ መሐል አንዳንዴ የጀመረ ይመስለኝና ጠርሙስ ያመልጠኛል። ተቆጣጣሪዋ «ዛሬ የተሰነጠቀው ሁሉ ዳነ» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ትቆጥሪያለሽ ያልሽው። ካርድ ክፍል ሆኖ ያን ማን ያያል? ደግሞ ቁርጠቱን ማዳመጥ ያልሽው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ወረደብኝ ያልሽኝ ጊዜ፣ አንቺም ተወግተሽ ነበር እንዴ? ካጠፋሁ ይቅርታ። ብትነግሪኝ ግን ደስ ይለኛል፤ ምክርሽ ከየት እንደመጣ ባውቅ ይሻለኛል።

ሚጣሽ

ጥር 14

ለሚጣዬ፣

መልሱ ስለዘገየብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጉልበቴ ነው፣ ሥራው ነው፣ አስተማሪው ደግሞ ፈተና ያርማል፤ ጠረጴዛችን ላይ ወረቀት የማስቀምጥበት ቦታ እንኳ አልነበረም።

የጠየቅሽኝ ነገር እንዳሰብሽው አይደለም። የእኔ እንዲሁ ነው የወረደው። እናቶች ከመርፌ ክፍል ሲወጡ ካርዳቸውን ለእኛ ነው የሚመልሱት፤ እዚያ መስኮት ላይ የማይወራ የለም፤ ጣሪያውንም የሰማሁት ከእነሱ ነው። በይ ያለፈውን እያነሣሽ ሆድሽን አታስጨንቂ።

ስለ ልጁ መራገጥ የጻፍሽውን ለአስተማሪው አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ። የሹራቡ አንድ እጅጌ አልቋል። እጅጌው ትንሽ ሰፍቶብኛል፤ ታድግበታለች ወይም ያድግበታል።

እታለም

ግንቦት 12

ለእታለም፣

ሹራቡን አትጨርሺው።

አሁን እንዳትመጪ። ሌላውን መካኒኩ ደውሎ ይነግርሻል፤ በፖስታ እንዳልጽፈው አባባ አስምሎኛል።

ሚጣ

ሰኔ 1

ሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልል ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ።

መካኒኩ ደውሎ ሁሉንም ነግሮኛል። ሴት እንደነበረች። ስድስት ቀን እንደኖረች። በሦስተኛው ቀን ጡት ስትይዝ እየደከመች መተው እንደጀመረች፣ ከንፈሯ ሲጠቁር ክሊኒኩ ብርድ ነው ብሎ ጠቅልሎ እንደመለሳችሁ። በስድስተኛው ቀን በፋብሪካው መኪና ወደ እኛ ተነሥታችሁ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ሲቀር እቅፍሽ ውስጥ እንዳለፈች። እንዲመለስ ለሾፌሩ የነገርሽው ራስሽ ነሽ አለኝ። እሱ ሲያወራ እኔ የካርድ መደርደሪያውን ይዤ ቆሜ ነበር።

አትምጪ ስላልሽ አልመጣሁም። ግን ቁጭ ማለት አልሆነልኝም፤ የልጆች ልብ የሚያክመው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መካኒኩ ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት። «እዚህ ብትወለድ ኖሮስ?» አልኩት። «የልብ ሕመም ይመስላል፤ ዕለቱን መድኃኒት እንጀምርላት ነበር፤ በሳምንቱ እናክማት ነበር። ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ይድናሉ። አስቀድሞ ለምን አልታየችም?» አለኝ።

«እናቷን እህቷ አትሂጂ ብላት ነው» አልኩ።

«እህቷ ሐኪም ናት?»

«አይ። ካርድ አውጪ ናት።»

ያ ሰው ክፉ አይደለም። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

አሁን የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። ኅዳር ላይ ጠይቀሽኝ ዋሽቼሻለሁ። ተወግቼ ነበር። አሥራ አራት ሳምንት ሊሞላኝ ሁለት ቀን ሲቀረኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ልወቀው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አስተማሪው እንዳሻሽ ነው ያለው። ጣሪያው ላይ አርባ ሦስት ቀዳዳ ነበር። በአምስተኛው ቀን ደም አየሁ። መርፌው ይሁን ያለ መርፌም ይወርድ የነበረ ይሁን ሐኪሞቹ ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ እኔ ግን መርፌው ነው ብዬ ዘጋሁት። ውጤቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጤናማ፣ ወንድ ይላል። የተረከብኩት በገዛ መስኮቴ ነው፤ ካርድ ውስጥ መክተት የእኔ ሥራ አይደል? ከተትኩት። ከዚያ ካርዴን ከመደርደሪያው አውጥቼ፣ ለዓመታት ብቅ ያላላቸው ሰዎች ካርድ ከሚከማችበት መጋዘን ወስጄ ከሥር ቀበርኩት። የእኔም ጠፍቷል ያልኳቸው ሽማግሌ እውነቴን እንደሆነ አላወቁም።

ለአንቺ ያልነገርኩሽ አባባ ክፉ ወሬ በፖስታ አይላክም ስላለ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። በአፍ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ተገናኝተናል? አንድ አልጋ ላይ ሦስት ቀን አብረን አድረናል። ስለ መጋረጃ አወራሁሽ።

ትናንት የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። «እዚያው እየተመላለስሽ ትታያለሽ፣ ከፍ ሲል ልብም ያያሉ» ብለሽ ጽፈሻል። በግልጽ፣ በዚያ ክብ ክብ ጽሕፈትሽ። ሚጣዬ፣ እኔ ያን ቀን ይህን መስመር አላየሁትም። መርፌ የሚለውን እንዳየሁ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። ከመርፌው ላድንሽ ብዬ ከሆስፒታሉ በሙሉ ከለከልኩሽ። መርፌውን እምቢ ብለሽ ለልቡ ብቻ ብትመጪ ምን ነበረበት? ይህን ማሰብ የሚያቅተው ሰው አለ? እኔን አቃተኝ። የመከርኩት አንቺን አልነበረም፤ ያቺን ጣሪያ እያየች የምትቆጥረውን ሴት ነበር።

ይኸው፣ ክፉ ወሬ በፖስታ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ተቀምጠሽ እያነበብሽው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።

እታለም

መስከረም 18

ሚጣዬ፣

መልስ ፈልጌ አይደለም። ደህና መሆንሽን ከመካኒኩ እሰማለሁ፤ ወደ መብራቱ ፊት ተመልሳ ትሠራለች ብሎኛል።

ሹራቡን ተርትሬዋለሁ። ክሩን ግን መጣል አልቻልኩም፤ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ረቡዕ ረቡዕ የፋብሪካችሁ መኪና ጋ እሄዳለሁ። ሾፌሩ አሁን ከሩቅ ሲያየኝ ነው ራሱን የሚነቀንቀው፣ እንዳልደክም ብሎ። እኔ ግን እሱ ድረስ ሄጄ ሰላም እለዋለሁ።

ካርዴን ከመጋዘኑ አውጥቼ ቦታው መልሼዋለሁ። አቧራውን ስጠርግ አስተማሪው አብሮኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረን፤ ስለ ልጃችን ሁለታችን ስናወራ የመጀመሪያችን ነው።

እታለም

ጥር 6

ለእታለም፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? አስተማሪውስ?

ሰኔ ላይ የጻፍሽውን ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። መልስ ያልሰጠሁሽ ተናድጄ ነው፤ ሌላ ሰበብ አልፈልግም። ለሾፌሩ ምንም የለም በላት እያልኩ የላክሁትም እኔ ነኝ። የተናደድኩት አትሂጂ ስላልሽኝ እንዳይመስልሽ። ያንን ልትይኝ ትችያለሽ፤ እኔም ትልቅ ሴት ነኝ፣ አይ እሄዳለሁ ማለት እችል ነበር። የተናደድኩት ስጠይቅሽ አይደለም ስላልሽኝ ነው። አዎ ብትዪኝ ኖሮ ደብዳቤሽን በሌላ ዓይን አነበው ነበር። እታለም ፈርታ ነው እል ነበር። ኅዳር ላይ ስጠይቅሽ ወዲያው ብትመልሺልኝ ገና ጊዜ ነበረኝ። ልቧ የሚታይበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር። ይህን እያሰብኩ ስንት ፈረቃ እንዳሳለፍኩ አትጠይቂኝ።

የእኔንም ልንገርሽ። ያን ጥያቄ አንቺ እጅ ላይ የጣልኩት ከእኔ እጅ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። አታድርጊው ስትዪኝ ደስ አለኝ፤ መካኒኩ ትክክል ሊሆን እንደሚችል እያወቅኩ ደስ አለኝ። ሐኪሙ እርግጠኛ ነሽ ሲለኝ አንቺን ጠቅሼ ወጣሁ። ስለዚህ ሁሉንም አንቺ ብቻሽን አትሸከሚው፤ ድርሻዬን ተይልኝ።

ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። ያኔ ልጅሽን ባጣሽ ሰሞን ልጠይቅሽ መጥቼ፣ ከስተሽ ሳይሽ «አስተማሪው ምግብም በፈተና ነው እንዴ የሚሰጥሽ?» ብዬ ቀለድኩብሽ። ሳቅሽልኝ። እጅሽን እንኳ ሳልይዝ ተመለስኩ። ልጅሽ ወንድ እንደነበረ አምና ሰኔ ላይ ከወረቀት አነበብኩ። አክስት መሆኔን ሳላውቅ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አልችልም፤ ገና ነው። ሲመጣ እነግርሻለሁ።

አሁን ስሚኝ። አርግዣለሁ። ዘጠኝ ሳምንት ነው። መካኒኩ ዘንድሮ ለማንም አልተነፈሰም፤ ለካ ይችላል። ያ ሐኪም አሁንም በወር አንዴ ይመጣል። ካርዴን ገልጦ አምና የጻፈውን አነበበ፤ ከዚያ ካርዱን አጥፎ ስለ ልጄ ጠየቀኝ። ስሟን ነገርኩት። ወደ እናንተ ሆስፒታል እንድሄድ ወረቀት ጽፎልኛል። መርፌውን ልውሰድ አልውሰድ አልወሰንኩም። አንቺም ውሰጂ አትውሰጂ አትበይኝ። ከሐኪሞቹ ጋር አውርቼ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ከመካኒኩ ጋር። ልቡን ግን በጊዜው ሳላሳይ አልቀርም። ልወልድም የምመጣው እዚያው ነው፤ የመጨረሻውን ወር ቤትሽ እቀመጣለሁ፤ አስተማሪው ጠረጴዛውን ይልቀቅልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እደርሳለሁ። ካርዴን ግን አንቺ እንዳታወጪልኝ። ያን ቀን ፈቃድ ውሰጂ፣ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ይቁም። አንቺ እንደ ማንኛዋም አስታማሚ ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ትቀመጫለሽ። ተራችን እስኪደርስ የልጅሽን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። በአፍ።

ሚጣሽ